ሚዛኑ፣ ደረሰኙና ቁልፉ
ስለ ማኅበር ንብረት ቁጥጥርና ስለ ሒሳብ ምርመራ በሽንፋ ለገበሬዎችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዘር መረጣ ወይም ስለ አረም አይደለም። ሰሊጣችሁ ከዐውድማ ተነሥቶ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ከገባ በኋላ ገንዘብ ሆኖ ወደ እጃችሁ እስኪመለስ ድረስ በመንገድ ላይ ስለሚያገኘው ነገር ነው።

በሽንፋና በመተማ ቆላ ሰሊጥ የሚያመርት ሰው ሁሉ፣ ነዶው ታስሮ ለመድረቅ በቆመበት ጊዜ የሚወርረውን ተባይ ያውቀዋል። ይህ ትንሽ ነፍሳት ፍሬውን አይሰብረውም፣ አይቆርጠውም፤ በመምጠጫው ወግቶ ዘይቱን ብቻ ይመጠዋል። ፍሬው ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው። የማኅበር ንብረትም እንደዚሁ ነው። መጋዘኑ ቆሟል፣ በሩ ተቆልፏል፣ መዝገቡ ተጽፏል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ሙሉ ይመስላል። ነገር ግን የሚመዝንና የሚያመሳክር ሰው ከሌለ ዘይቱ ተመጥጦ ቅርፊቱ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ለዚህም መድኀኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ቁጥጥር ይባላል፤ ሁለተኛው የሒሳብ ምርመራ፣ ወይም ብዙ ሰው እንደሚጠራው ኦዲት ይባላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ቁጥጥር ማለት በየቀኑ ሥራው ሲሠራ ስሕተትና ስርቆት እንዳይገባ የሚዘጋ አጥር ነው። ምርመራ ማለት ደግሞ አጥሩ ቆሞ እንደ ሆነ፣ የትኛውም እንጨት ወልቆ እንደ ሆነ ዞሮ የሚያይ ዐይን ነው። አጥር ሳይኖር ዐይን ብቻ ቢኖር፣ ከብቱ ከጠፋ በኋላ ዱካ መፈለግ ይሆናል። አጥር ኖሮ የሚያየው ከሌለም አንድ ቀን መበስበሱ አይቀርም።

በመጀመሪያ አንድ ክፉ ሐሳብ ከመካከላችን እናውጣ። አንዳንድ ሰው ቁጥጥር ሲባል «ሌባ ተባልሁ» ብሎ ይቆጣል። ሐቁ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ቁጥጥር ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው ሐቀኛውን ሰው ነው። አንድ መጋዘን ያዥ ቁልፉንም፣ መዝገቡንም፣ ሚዛኑንም ብቻውን ይዞ ሳለ ስድስት ኩንታል ቢጎድል፣ ቢሰርቅም ባይሰርቅም ስሙ ይጠፋል፤ ንጽሕናውን የሚያስረዳበት ወረቀት የለውምና። ሥራው በየእጁ ተከፍሎ፣ ርክክቡ ሁሉ ተፈርሞ ከሆነ ግን ጉድለቱ በየትኛው ቦታ እንደ ተፈጠረ ይታወቃል፤ ንጹሑም ቀና ብሎ ይሄዳል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይህ ተረት ብዙ ማኅበር አፍርሷል። ተረቱ በአፍ ቢነገርም ሥራ ላይ እንዳይውል የሚያደርገው ምክር ብቻ አይደለም፤ መብላት የሚያስቸግር አሠራር ነው።

ይህ አሠራር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዕቁባችንን እንመልከት። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሦስቱም ሥራ በአንድ ሰው ላይ አይጫንም። ዕጣው የሚወጣው አባላት እያዩ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። በቤተ ክርስቲያንም ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ብዙ ሰዎች ቆመው ይቈጥራሉ እንጂ አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት እርስ በርሳቸው ስለማይተማመኑ አልነበረም፤ መተማመናቸው እንዳይፈርስ ብለው ነው።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ 28 ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው አንድ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ደንባቸውን በአብዛኛው የቀዱት ከእነዚህ ሰዎች ነው። እነርሱ ካጸኗቸው ነገሮች አንዱ ሒሳብ በየጊዜው ተዘግቶ፣ ተመርምሮ፣ ለአባላት እንዲነበብ ነው። ሱቃቸው የቆየው ዱቄቱና ቅቤው ስላማረ ብቻ አይደለም፤ አባሉ ገንዘቡ የት እንዳለ ያውቅ ስለ ነበር ነው።

በአገራችንም የገበሬ ማኅበራት ሕግ የወጣው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የእርሻ ሠራተኞች ማኅበራት ድንጋጌ ቁጥር 44 ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 241 ተከተለ። በደርግ ዘመን ማኅበራቱ በቍጥር እጅግ በዙ። ነገር ግን ብዙዎቹ ከላይ በትእዛዝ የሚመሩ ስለ ነበሩ አባሉ የራሱ ንብረት አድርጎ አላያቸውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየአውራጃው ብዙ የማኅበር መጋዘኖችና ሱቆች ተዘረፉ። በዕድሜ የገፋችሁት ይህን ታስታውሳላችሁ። ሰው ሒሳቡን የማያውቀውን ንብረት ቆሞ አይጠብቅም፤ ትምህርቱ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985 ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት የማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሥራውን የሚመራ የሥራ አመራር ኮሚቴ አለ፤ የሥራ አመራሩን የሚከታተል የቁጥጥር ኮሚቴም አለ። ሒሳቡም በየዓመቱ ይመረመራል። ስለዚህ ቁጥጥር የማኅበሩ ኀላፊ ሲፈልግ የሚያደርገው፣ ሲከብደው የሚተወው ነገር አይደለም፤ የአባሉ መብት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ጆንያ ሰሊጥ ይዘን ከዐውድማ እስከ ባንክ አብረን እንሂድ። በመንገዱ ላይ አራት እጆች ያገኙታል፤ የመዛኙ እጅ፣ የጸሐፊው እጅ፣ የመጋዘን ያዡ እጅና የገንዘብ ያዡ እጅ። ዋናው ደንብ ይህ ነው፤ አራቱ እጆች የአንድ ሰው እጆች አይሁኑ። የሚጽፈው ንብረት እንዳይዝ፣ ንብረት የሚይዘው እንዳይጽፍ፣ ገንዘብ የሚከፍለው «ክፈል» ብሎ እንዳያዝ ማድረግ ነው።

አንደኛ፤ ሚዛን። ሚዛን ሳይፈተን ግዢ አይጀመርም። በየማለዳው የመጀመሪያው ገበሬ ከመመዘኑ በፊት ክብደቱ የታወቀ ነገር ሚዛኑ ላይ ይውጣ። የሙከራ ክብደት ከሌለ ያልተፈታ ባለ 50 ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል፤ በየቀኑ ያው ከረጢት ይመዘን፣ ውጤቱም ከነቀኑ ይጻፍ። ባዶ ጆንያም ክብደት አለው። አሥር ባዶ ጆንያ አንድ ላይ መዝኖ ለአሥር ማካፈል፣ የተገኘውንም በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። «የጆንያ» እየተባለ በግምት የሚቀነስ ነገር መቅረት አለበት። የሚዛኑም ቍጥር ገበሬው እያየ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

አንድ ኪሎ ትንሽ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ማኅበሩ በአዝመራ 1,200 ኩንታል ይገዛል ብንልና ሚዛኑ በያንዳንዱ ኩንታል አንድ ኪሎ ቢያሳንስ፣ 1,200 ኪሎ ወይም 12 ኩንታል ከገበሬው ላይ ሳይከፈልበት ይቀራል ማለት ነው። እዚህ ላይ የቁጥጥር ኮሚቴዎች ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ይህ 12 ኩንታል መጋዘን ውስጥ ትርፍ ሆኖ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ጉድለት ሲያገኝ ይደነግጣል፤ ትርፍ ሲያገኝ ግን «እሰይ» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ከመዝገብ በላይ የተገኘ ትርፍ፣ ወይ ገበሬው የተጎዳበት ወይ ያልተጻፈ ነገር የገባበት ምልክት ነው። በመዝገብ የሌለ ትርፍ ደግሞ በሌሊት ቢወጣ የሚያውቀው የለም። ስለዚህ ትርፍም እንደ ጉድለት ሁሉ ይመርመር።

ሁለተኛ፤ ደረሰኝ። ደረሰኙ ቍጥሩ ታትሞበት በተራ የሚሄድ፣ ባለ ሦስት ቅጂ ይሁን። አንዱ ለገበሬው፣ አንዱ ለሒሳብ ክፍል ይሄዳል፤ ሦስተኛው ከጥራዙ ላይ አይነቀልም። በላዩ ላይ ቀኑ፣ የገበሬው ስም፣ ክብደቱ፣ የአንዱ ኩንታል ዋጋና ጠቅላላው ገንዘብ ይጻፋል። የተበላሸ ደረሰኝ ተቀዶ አይጣልም፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ከነቅጂዎቹ በጥራዙ ይቀመጣል። ከተራው አንድ ቍጥር ከጠፋ አንድ ግዢ ወይም አንድ ክፍያ ጠፍቷል ማለት ነውና ሳይገኝ ዝም አይባልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ንብረት ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚቈርጡት ለዚሁ ነው።

የደረሰኝ ተራ ሌላም ጥቅም አለው። የሰሊጥ ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሐሙስ በዝቅተኛ ዋጋ የተገዛውን ሰሊጥ ቅዳሜ በከፍተኛ ዋጋ እንደ ተገዛ አድርጎ መጻፍ ቀላል ተንኰል ነው። በኩንታል 300 ብር ልዩነት ቢኖርና 40 ኩንታል እንዲህ ቢጻፍ 12,000 ብር ከማኅበሩ ይወጣል፤ ከመጋዘኑ ግን አንዲት ፍሬ አትጎድልም። ቈጠራ ብቻ ይህን አያገኘውም። መከላከያው የዕለቱ ዋጋ በየማለዳው ሦስት ሰው ፈርሞበት በሰሌዳ ላይ እንዲወጣና በመዝገብም እንዲሰፍር ማድረግ ነው። ያን ጊዜ የደረሰኙ ቍጥር፣ ቀኑና ዋጋው እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ።

ሦስተኛ፤ መጋዘን። መጋዘን ያዡ የሚረከበው በክብደት ነው፤ በጆንያ ቍጥር ብቻ አይደለም። በሩ ሁለት የተለያየ ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በመጋዘን ያዡ፣ ሌላው በኮሚቴው አባል እጅ ይሁን። ጆንያው በአሥር በአሥር ተቈጥሮ ይደርደር፤ በየድርድሩም ላይ የገባበት ቀንና ብዛቱ በካርድ ይጻፍ። የተዝረከረከ መጋዘን አይቈጠርም፤ የማይቈጠር መጋዘንም አይጠበቅም።

ሰሊጥ ሲበጠርና ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጥፋት የሚሸሸገው ከዚህ እውነት በስተኋላ ነው። «ደረቀ፣ ተበጠረ» የማይባልበት ጉድለት የለምና። ስለዚህ የሚፈቀደው ቅናሽ ግዢው ሳይጀመር ተሞክሮ ይወሰን። ጥቂት ኩንታል ወስዶ፣ መዝኖ፣ አበጥሮ፣ እንደ ገና መዝኖ ልዩነቱን በቃለ ጉባኤ መጻፍ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። በደረሰኝ የተገዛው 1,200 ኩንታል፣ በመላኪያ ወረቀት የወጣው 1,050 ኩንታል ቢሆን፣ በመዝገብ 150 ኩንታል ይቀራል። መጋዘኑ ሲመዘን ግን 138 ኩንታል ተገኘ እንበል። ጉድለቱ 12 ኩንታል ነው። ጉባኤው የፈቀደው ቅናሽ በኩንታል ግማሽ ኪሎ ከሆነ፣ ለ1,200 ኩንታል 600 ኪሎ ወይም 6 ኩንታል ይሆናል። የቀረው 6 ኩንታል መልስ የሌለው ጉድለት ነው። ዋጋው በኩንታል 10,000 ብር ነው ብንል፣ 60,000 ብር ማለት ነው። ቅናሹ አስቀድሞ ባይወሰን ኖሮ ይህ ገንዘብ «ብጣሪ ነው» ተብሎ ይቀር ነበር።

አራተኛ፤ ጉዞ። ሰሊጡ በመኪና ተጭኖ ወደ ገንዳ ውኃ ወይም ወደ ሌላ ገበያ ሲሄድ የመላኪያ ወረቀት ይቈረጥ። በወረቀቱ ላይ የመኪናው ታርጋ፣ የሾፌሩ ስም፣ የጆንያው ብዛትና የተመዘነው ክብደት ይጻፋል፤ ሾፌሩም ይፈርማል። የተቀበለው ክፍል የተቀበለውን ክብደት ጽፎ ቅጂውን ይመልሳል። ያልተመለሰ ቅጂ ያልደረሰ ጭነት ነው። ሒሳብ ያዡ በየሳምንቱ መጨረሻ «የሄደው ስንት፣ የደረሰው ስንት» ብሎ ሁለቱን ያስተያይ።

አምስተኛ፤ ጥራትና ሽያጭ። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ያስተማረን መልካም ነገር አለ። ይህ ድርጅት በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በመተማም የሰሊጥ መቀበያ መጋዘን ነበረው። በአሠራሩ የምርቱ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ለሚሰጠው ባለሙያ የሚሄደው የባለቤቱ ስም ተጽፎበት ሳይሆን በምስጢር ቍጥር ነው። መርማሪው የማን ሰሊጥ እንደ ሆነ ካላወቀ ለዘመዱ ሊያደላ፣ በጠላቱ ላይ ሊጨክን አይችልም። ምርቱ ከተመዘነና ደረጃ ከተሰጠው በኋላ ባለቤቱ የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል፤ ክፍያውም በባንክ በኩል ይመጣል። መዛኙ፣ ደረጃ ሰጪው፣ ሻጩና ከፋዩ ልዩ ልዩ ናቸው። ትንሿ የቀበሌ ማኅበርም ይህንኑ በአቅሟ ልታደርገው ትችላለች። ናሙናውን አንዱ ይውሰድ፣ ቍጥር ይስጠው፤ ሌላው ስም ሳያይ ደረጃውን ይናገር።

ስድስተኛ፤ ገንዘብ። ከሽያጭ የመጣ ገንዘብ በኪስ አያድርም፤ በዚያው ቀን፣ ካልተቻለም በማግስቱ ባንክ ይግባ። ከገቢው ላይ ቈንጥሮ ወጪ መክፈል ክልክል ይሁን፤ ገቢ ሙሉውን ገብቶ፣ ወጪ በራሱ ወረቀት ይውጣ። ቼክ በሁለት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ። ባዶ ቼክ ላይ አስቀድሞ መፈረም ግን ሁለቱን ፊርማ አንድ ያደርገዋል። «መንገድ ስለምሄድ ፈርሜ ልተውልህ» የሚል ሊቀ መንበር ቁልፉን በር ላይ ሰክቶ እንደ ሄደ ይቈጠራል። በየወሩ የባንኩ መግለጫ ይምጣ፤ ከመዝገቡ ጋር የሚያስተያየው ሰው ገንዘብ ያዡ ሳይሆን ሌላ ይሁን።

የሰሊጡ መንገድ ይኸው ነው። ጥፋት ግን በሰሊጥ ብቻ አይመጣም፤ ሁለት ሌሎች በሮችም አሉ።

አንዱ በብድር የሚሰጥ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው። በሌለ ሰው ወይም በሞተ ሰው ስም ማዳበሪያ ማውጣት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። የወሰዱት ሰዎች ስምና ብዛት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ይነበብ። «እኔ አልወሰድሁም» የሚል ሰው በዚያው ይነሣል። ከዚህ የተሻለና ርካሽ ምርመራ የለም።

ሌላው የቀን ሠራተኛ ክፍያ ነው። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋ ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል፤ በማኅበሩም የሚያበጥር፣ የሚጭንና የሚያወርድ ሰው ይቀጠራል። ሠራተኛው እንግዳ ስለ ሆነ ስሙን የሚያውቀው የለም፤ በሃያ ሰው ቦታ ሃያ አምስት ስም ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ስሙን በማለዳ የሚመዘግበው አንድ፣ ማታ የሚከፍለው ሌላ ይሁን። ሠራተኛው ራሱ ቀርቦ ይፈርም ወይም አውራ ጣቱን ያትም፤ ምስክርም ይኑር። የቁጥጥር ኮሚቴውም አንድ ቀን ሳይታሰብ መጥቶ በሥራ ላይ ያለውን ሰው ይቍጠር።

አሁን ለቁጥጥር ኮሚቴዎች ልናገር። እናንተ መርማሪዎች ናችሁ፤ ሥራችሁም የዓመቱን ኦዲተር ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይደለም። ኦዲተሩ ሲመጣ አዝመራው አልፎ፣ ጆንያው ተሽጦ፣ ሰውም ረስቶ ይሆናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፣ ግዢ ባለበት ወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ቀኑን ለማንም ሳትነግሩ መጋዘኑን ክፈቱ። አንድ ቀን ጠዋት ይበቃችኋል። የምትሠሩትም ይህን ነው።

ሀ) ከመዝገብ ወደ መጋዘን ሂዱ፤ የተጻፈው በእርግጥ አለን?

ለ) ከመጋዘን ወደ መዝገብ ተመለሱ፤ ያለው ሁሉ ተጽፏልን?

ሐ) የደረሰኙን ተራ ቍጠሩ፤ የጎደለ ቍጥር አለን?

መ) ካዝናውን ገንዘብ ያዡ ባለበት ቍጠሩ፤ ከመዝገቡ ጋር ይስማማልን?

ሠ) አሥር ደረሰኝ በዕጣ አውጡና ወደ ገበሬዎቹ ቤት ሂዱ፤ በእጃቸው ያለው ቅጂና በማኅበሩ ያለው ቅጂ አንድ ነውን?

ረ) ያለፈው ጊዜ የታየው ስሕተት ታርሟልን?

ይህን ጽፋችሁ ፈርሙ፤ ያያችሁትን ጉባኤው ሲሰበሰብ አንብቡ። መልካሙንም ጭምር አንብቡ፤ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ሠራተኛ በአደባባይ ሊመሰገን ይገባዋልና።

ጉድለት ብታገኙ አትጩኹ፤ በገበያም አታውሩ። መጀመሪያ እንደ ገና መዝኑ። ከዚያ በኋላ ስሕተት፣ አደጋ ወይም ስርቆት መሆኑን ለዩ። ስሕተት ይታረማል፤ ከሠራተኛው አቅም በላይ የሆነ አደጋ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ ስርቆት ግን በሽምግልና ተሸፍኖ አይቀርም። ጠቅላላ ጉባኤው ይነገረው፤ የወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይወቀው፤ ጉዳዩም ለሕግ ይቅረብ። የማኅበር ገንዘብ የአንድ ሰው ስላልሆነ አንድ ሽማግሌ ይቅር ሊለው አይችልም።

እናንተ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ድርሻ አላችሁ። የማኅበሩን ገንዘብ ወይም ቁልፍ ግን አትያዙ፤ ከያዛችሁ ተቆጣጣሪነታችሁ ይቀራል። ሥራችሁ ማስተማር፣ ሚዛን ሲፈተን መገኘት፣ ማንበብ ለማይችለው አባል ደረሰኙን ማንበብና የሒሳቡን ማጠቃለያ በአንድ ገጽ፣ በትልቅ ጽሕፈት አዘጋጅቶ በማኅበሩ በር ላይ እንዲለጠፍ መርዳት ነው። «የገዛነው ይህን ያህል፣ የሸጥነው ይህን ያህል፣ በመጋዘን ይህን ያህል፣ በባንክ ይህን ያህል፣ ዕዳችን ይህን ያህል» የሚሉ አምስት መስመሮች ይበቃሉ።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ሦስት ክርክሮች አሉ። አንደኛው «ማኅበራችን ትንሽ ስለ ሆነች አራት ሰው አናገኝም» የሚል ነው። አራት ካልተገኘ ሁለት ይሁን፤ ግን ያዡና ጸሐፊው ይለያዩ። ቀሪውን የቁጥጥር ኮሚቴው በቈጠራ ይሙላው። ሁለተኛው «አባላችን ማንበብ አይችልም» የሚል ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ጆንያ መቍጠር፣ ሚዛን ማየት፣ ሲነበብ መስማትና መጠየቅ ይችላል። ልጁም ተማሪ ነው፤ ደረሰኙን ማታ ያንብብለት። ሦስተኛው «ሁላችንም ዘመዳሞች ነን» የሚል ነው። እንግዲያውስ ዘመዳችሁን ለፈተና አትስጡት።

ስለ እኛ አገር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሽንፋ ጠረፍ ናት። መንገድ የሚዘጋበት፣ ጸጥታ የሚናወጥበት፣ ክረምቱም ጭቃ የሚያበዛበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለው ጊዜ መዝገብ ሊጠፋ፣ ሊቃጠል ወይም በውኃ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የመዝገቡ ቅጂ ከመጋዘኑ በራቀ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ስልክ ያለው ሰው በየሳምንቱ ገጾቹን ፎቶ አንሥቶ ለሁለት የኮሚቴ አባላት ቢልክ ወጪው ኢምንት ነው። ችግር ያለበት ጊዜ ቁጥጥር የሚላላበት ሳይሆን የሚጠብቅበት ጊዜ ነው፤ «በግርግሩ ጠፋ» የሚል ቃል የሚሰማው ያን ጊዜ ነውና።

ወገኖቼ ሆይ፤ ማኅበሩ በአዝመራ ጊዜ ምርታችሁን የሚገዛበት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ብድር ነው። ንብረቱ ቢጎድል ብድሩ አብሮት አይጎድልም። ብድሩ ካልተከፈለ በሚቀጥለው ዓመት ለግዢ የሚሆን ገንዘብ አይገኝም። ማኅበሩ ካልገዛ፣ ሰሊጡን ዐውድማ ላይ ያከማቸና ለሠራተኛ የሚከፍለው ያጣ ገበሬ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ይሸጣል። ስለዚህ ከመጋዘን የጠፋው ስድስት ኩንታል የማኅበሩ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የየቤታችሁ ጉዳት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ ማኅበር ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሎሚ ቈጥሮ ሲይዝ ነው።

ሰሊጡ በጥቅምት ሳይታጨድ፣ አሁን በእጃችሁ ባለው ጊዜ አራት ነገር ፈጽሙ። ሚዛናችሁን አስፈትኑ፤ ተራ ቍጥር ያለው ደረሰኝ አሳትሙ፤ የመጋዘኑን ሁለተኛ ቁልፍ ግዙ፤ የአራቱን እጆች ስም በቃለ ጉባኤ ጽፋችሁ በሰሌዳ ላይ አውጡ። ወጪው ጥቂት፣ ድካሙ የሁለት ሦስት ቀን ነው።

ፈጣሪ አዝመራችሁን ይባርክላችሁ፤ የተባረከውንም እናንተ ቍጠሩት።